ተከትበው ሳለ ለምን በሳል ሞቱብኝ?

ጥያቄው የመጣው ቢሾፍቱ አካባቢ ከሚያደልቡ ሰው ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ለፋሲካ አደርሳለሁ ብዬ ታኅሣሥ ላይ 14 የቦረና ወይፈኖች ገዛሁ። በአይሱዙ ተጭነው መጡ። በማግስቱ የጎሮርሳ ክትባት አስከተብኩ፣ የትል መድኃኒት አጠጣሁ፣ ፉርሽካና ፋጉሎም ወዲያው አቀረብኩላቸው። በ6ኛው ቀን ሦስቱ ማሳል ጀመሩ። ባለ 10 ፐርሰንቱን ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ) ለእያንዳንዳቸው 10 ሚሊ ወጋኋቸው። ሁለት ቀን ተሻላቸውና መልሶ ጣላቸው። አሁን 18ኛ ቀናቸው ነው። 2 ሞተዋል፣ 4 ያስላሉ። ከሚያስሉት አንዱ ጉልበቱ አብጦ ያነክሳል። ክትባቱ ውኃ ነበር ማለት ነው? ጎረቤቴ ‹ይሄ ሳንባ ነው፣ ሳይሞቱብህ ሽጣቸው› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ አስቸኳዩን ልመልስ። አይሽጧቸው። አንዱንም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ክትባቱ ውኃ አልነበረም። የጎሮርሳ ክትባት የሚከላከለው ጎሮርሳን ነው። የእርስዎን ወይፈኖች የያዛቸው ግን፣ ከነገሩኝ ተነስቼ ስገምት፣ ጎሮርሳ አይደለም።

ለዚህ መደናገር እኛ ባለሙያዎቹም አለንበት። ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን «ፓስቱሬሎሲስ» ብለን በአንድ ስም እንጠራና እንገላገላለን። ጎሮርሳን የሚያመጣው ፓስቱሬላ መልቶሲዳ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ከዓይነቶቹም «ቢ» እና «ኢ» የሚባሉት። የሚገድለው ደም ውስጥ ገብቶ ነው። ጉሮሮና ፍርምባ ያብጣል፣ ለሃጭ ይዝረበረባል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ከብቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያልቃል። ማታ ደህና የነበረ በሬ ጠዋት ተዘርሮ ይገኛል። ሁለት ሳምንት ለማሳል ጊዜም አያገኝ።

እርስዎ በረት የገባው በአብዛኛው የሌላ ባክቴሪያ ሥራ ነው። ማንሃይሚያ ሂሞሊቲካ ይባላል። እስከ 1999 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስሙ ፓስቱሬላ ሂሞሊቲካ ነበር። መደናገሩ ከዚያ የመጣ ነው። ሳይንሱ ስሙን ቢለውጥም እኛ በአሮጌው ስም መጥራቱን አልተውነውም። በሽታውን ሌላ አገር «የጭነት ትኩሳት» ይሉታል። ከሳይንሱ ስም ይልቅ ይሄኛው ብዙ ይናገራል።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርዎ። ባክቴሪያውን ከውጭ ያመጣባቸው የለም። አብሯቸው ነው የመጣው። ጤነኛ ከብት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ጥቂት ሆኖ፣ ማንንም ሳይነካ ይኖራል። እርስዎም ገበያ ላይ የመረጡት ጤነኛ ወይፈን ነበር፤ ምርጫዎ ስህተት አልነበረበትም።

ነገሩ የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው። ወይፈኑ ከመንጋው ተለይቶ ገበያ ይውላል። ከማያውቃቸው ጋር ታጉሮ ያድራል። ከዚያ አይሱዙ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ ሳይጠጣ፣ ሳይበላ፣ አቧራና ጭስ እየማገ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከቦረና ሙቀት ወጥቶ የታኅሣሥ ውርጭ ይቀበለዋል። በዚህ ሁሉ ጭንቀት ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ እሱም መከላከያውን ያዳክመዋል። መንገድ ላይ ከሌላው የተጋባ የጉንፋን ዓይነት ቫይረስ ካለ ደግሞ የመተንፈሻ ቱቦውን ይልጠዋል። ያኔ ያ ጨዋ ጎረቤት የነበረ ባክቴሪያ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አፍንጫውን ይሞላውና ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል።

ሳንባ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የተለየ ነው። የከብትን ነጭ የደም ሕዋስ ለይቶ የሚገድል መርዝ አለው። ነጭ ሕዋሶቹ ወራሪውን ሊበሉ ይሮጣሉ፣ እዚያው ይፈነዳሉ፤ በሆዳቸው የያዙት አሲድና ኢንዛይምም ሳንባው ላይ ይፈስሳል። ማለትም ሳንባውን የሚበላው በግማሹ የከብቱ የራሱ ሠራዊት ነው። ባክቴሪያው በመድኃኒት ቢሞት እንኳ የተቃጠለው ሳንባ መልሶ አይበቅልም። «ተሽሎት ነበር፣ መልሶ ጣለው» የሚሉኝ ብዙ ሰዎች መድኃኒቱን የጀመሩት ሳንባው ከሄደ በኋላ ነው።

የከብት ሳንባ ራሱም ለዚህ ምቹ ነው። ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ውስጡ ደግሞ በወፍራም ሽፋን በትንንሽ ክፍል የተከፋፈለ ነው፣ ክፍሎቹም እርስ በርስ በር የላቸውም። የአንዱ ክፍል መግቢያ በአክታ ከተዘጋ አየር ከጎን ዞሮ አይገባም። ያ ክፍል በቃ ተዘጋ።

የሞቱትን ሁለት ወይፈኖች ማንም አልከፈታቸው ይሆናል። ቢከፈቱ ምን እንደሚታይ ልንገርዎ፣ ምናልባት ሌላ ቢከሰት ይጠቅማል። ግን አንድ ነገር ይቅደም። በድንገት የሞተና በአፍንጫው ወይም በፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚያፈስ ከብት በፍጹም አይከፈትም። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሰውም ይገድላል።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለው ሐኪም ጠርተው ያስከፍቱ። ደረቱ ሲከፈት ጤነኛ ሳንባ ቀላ ያለ ሮዝ ነው፤ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይመለሳል። ይሄኛው ግን የፊትና የታችኛው ክፍሉ ጠቁሮ እንደ ጉበት ጠጥሯል። ላዩ ላይ የእንቁላል ፍርፍር የመሰለ ቢጫ ነገር ተጋግሯል፣ አንዳንዴም ከጎድን አጥንቱ ጋር አጣብቆታል። እኔ ለተማሪዎች ሁሌ አንድ ነገር አሳያለሁ። ከጤነኛው ክፍል ትንሽ ቆርጬ ባልዲ ውኃ ላይ እጥላለሁ፣ ይንሳፈፋል። ከጠቆረው ቆርጬ እጥላለሁ፣ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። ውስጡ አየር የለማ። ያንን ያየ ሰው «ለምን አልዳነም?» ብሎ አይጠይቅም።

ማንሃይሚያ ብቻውን ነው ማለቴ አይደለም። ፓስቱሬላ መልቶሲዳም «ኤ» የሚባለው ዓይነቱ ሳንባ ምች ያመጣል፤ በተለይ ጥጆች ላይ ይበረታል። ሂስቶፊለስ ሶምናይ የሚባልም አለ፣ ከሳንባ አልፎ ልብና አንጎል ይነካል። ትሩፐሬላ ፓዮጂነስ ደግሞ ዘግይቶ ደራሽ ነው፤ ሌሎቹ የጎዱት ቦታ ላይ መግል ቋጥሮ ይቀመጣል። በዓይን ማን ማን እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ ለመጀመሪያው ሕክምናም ያን ያህል ለውጥ የለውም።

ለውጥ ያለው አንድ አለ። ያ የሚያነክሰው ወይፈን ነው ሐሳቤን የያዘው።

ሳልና የመገጣጠሚያ እብጠት አብረው ሲመጡ፣ መድኃኒቱም አልይዝ ሲል፣ ማይኮፕላዝማ ቦቪስን እጠረጥራለሁ። ይሄ ባክቴሪያ እንደሌሎቹ ግድግዳ የለውም። ፔኒሲሊን የሚሠራው ደግሞ የባክቴሪያን ግድግዳ በማፍረስ ነው። ግድግዳ የሌለውን ምኑን ያፈርሰዋል? ፔኒሲሊን ያለበትን ፔንስትሬፕ ደጋግመው የወጉ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚጨርሱት በዚህ ነው። ኦክሲ ሊሠራ ይችላል፣ ግን በሽታው ሥር ከሰደደ ሳንባው ውስጥ አይብ የመሰለ ቋጠሮ ይሠራና መድኃኒት አይደርስበትም። እንዲህ ያለው ወይፈን ለብቻው ይሁን። እውነቱን ለመናገር፣ ለፋሲካ የሚደርስ አይመስለኝም።

ወደ መርፌው ልምጣ። 10 ሚሊ ወግቻለሁ ብለዋል። ይሄን ቁጥር በሄድኩበት ሁሉ እሰማዋለሁ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሲሪንጁ 10 ሚሊ ስለሚይዝ ይመስለኛል። የባለ 10 ፐርሰንቱ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተለመደ መጠን ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ነው፣ በየቀኑ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። ወይፈንዎ 250 ኪሎ ከሆነ 25 ሚሊ ማለት ነው። እርስዎ የሰጡት ከግማሽም ያነሰ ነው፣ ያውም አንድ ቀን። ባክቴሪያው ደንገጥ ብሎ ተኛ እንጂ አልሞተም። ይባስ ብሎ ከሞት የተረፈው መድኃኒቱን የለመደው ሊሆን ይችላል።

ረጅም ጊዜ የሚቆየው ባለ 20 ፐርሰንቱም ለ10 ኪሎ 1 ሚሊ ነው፤ ከ3 ቀን በኋላ አንዴ ይደገማል። አንድ ቦታ ላይ ከ10 ሚሊ በላይ አይወጋም፣ ይከፋፈላል። ጭን ላይ ሳይሆን አንገት ላይ ይሁን፤ ሥጋው ይበላሻልና።

ክብደት በዓይን አይገመት። ሜትር ይያዙ። ደረቱን ከፊት እግሩ ኋላ ዙሪያውን ይለኩ። ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ10,840 ያካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 125 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወይፈን 260 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ሚዛን አይተካም፣ ግን ከደላላ ግምት ይሻላል።

አሁን ለሚያስሉት 4 ኦክሲውን ቢደግሙት ብዙ አልጠብቅም። ሐኪምዎ አይቶ ወደ ፍሎርፌኒኮል ወይም ቱላትሮማይሲን ቢለውጠው እመርጣለሁ። ከእሱ ጋር የሕመምና የትኩሳት ማስታገሻ፣ እንደ ሜሎክሲካም ያለ፣ ቢጨመር ይበላል፣ ይጠጣል። ቲልሚኮሲን የሚባል መድኃኒት ከቀረበልዎ ግን እርስዎ ራስዎ እንዳይወጉት። ለከብቱ ጥሩ ነው፣ ለሰው ግን ልብ ያቆማል። ወይፈን ተወራጭቶ መርፌው እጅ ላይ ቢሰካ ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ። መድኃኒት የወሰደ ከብት ወዲያው አይታረድም። ረጅም ጊዜ የሚቆየው ኦክሲ በብዙዎቹ ምርቶች ላይ 28 ቀን ገደማ ነው፤ የእርስዎ ጠርሙስ ላይ ያለውን ያንብቡ። ፋሲካ እስኪደርስ ጊዜ አለዎት። የመጨረሻዋን መርፌ ቀን ግን ጽፈው ይያዙ።

ጎረቤትዎ «ሳንባ ነው» ያሉትን ደግሞ አልንቀውም። በገጠር በደፈናው «ሳንባ» የሚባለው ተላላፊ በሽታ አለ። እሱም ማይኮፕላዝማ ነው የሚያመጣው፣ ግን ሌላኛው፤ ማይኮፕላዝማ ማይኮይደስ። ኖካርና ሩ የሚባሉ ፈረንሳውያን በ1898 ነው ያገኙት። የእኛ ቆላ አካባቢዎች ያውቁታል፤ ቦረናም ያውቀዋል።

የሚለያዩበትን ላሳይዎ። የጭነት ትኩሳት ከጉዞ በኋላ ባሉት 2 እና 3 ሳምንታት ውስጥ በአንዴ ብዙውን ይይዛል። ሳንባ ግን ዝምተኛ ነው። ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ወር ይወስዳል። ያመመው ከብት ክርኖቹን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ ይቆማል፤ ሲተነፍስ ያቃስታል። ሲከፈት ብዙውን ጊዜ የተጎዳው አንዱ ጎን ሳንባ ብቻ ነው። ደረቱ ውስጥ ቢጫ ውኃ በባልዲ ይቀዳል። ሳንባው ሲቆረጥ እንደ እብነ በረድ ቀይ፣ ግራጫና ነጭ ተቀላቅሎበታል። የዳነ በሚመስለው ከብት ደግሞ የሞተ ሳንባ ቁራጭ በሽፋን ተጠቅልሎ ውስጡ ይቀራል፤ ባክቴሪያውም እዚያ ለወራት በሕይወት ይቆያል።

በ6ኛው ቀን ሦስት በአንዴ ማሳላቸው ወደ ጭነት ትኩሳት ያደላል። ግን ከመካከላቸው አንዱ ሳንባን ይዞ ተጭኖ መጥቶም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አብረው አይኖሩም የሚል ሕግ የለም። ስለዚህ ደም ያስመርምሩ። ወረዳው እንስሳት ጤና ክፍል ደሙን ቀድቶ ሰበታ ላለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይልካል። ሳንባ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ነው፣ ከባለሥልጣን አይደበቅም።

አይሽጡ ያልኩትም ለዚህ ነው። በ1843 አንድ የብሩክሊን ወተት ሻጭ ከእንግሊዝ መርከብ ላይ አንዲት ላም ገዛ። አሜሪካ በዚያ ከገባባት በሽታ ጸዳሁ ያለችው በ1892 ነው። ለዚሁ ሲባል መሥሪያ ቤት አቋቁማ፣ ከብት ገዝታ እያረደች። ቦትስዋና በ1995 በሽታው ሲገባባት በአንድ አካባቢ ያሉትን 320,000 ገደማ ከብቶች ነው ያጠፋችው። የእርስዎ ጎረቤት ምክር ለእርስዎ ኪስ የሚመች ይመስላል። ግን ያንን ወይፈን የሚገዛው ሰውም በረት አለው፣ በሱ በረት ውስጥ ደግሞ ምናልባት የሚታለብ ላም አለ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ሳንባ በእኛም አገር ሆነ በሌላው አፍሪካ ለምን እንደበረታ ብዙ ሰው አያውቅም። ድሮ ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ ለማጥፋት ዘመቻ ሲወጣ የሳንባው ክትባት አብሮ ይሰጥ ነበር። ደስታ ጠፋ፤ በ2011 ከዓለም ተሰረዘ ተባለ። ዘመቻው ሲቆም ግን ተደርቦ ይሰጥ የነበረውም ቀዘቀዘ። አንዱን ስናሸንፍ ሌላውን ጡረታ ያስወጣነው መስሎን ነበር።

የሳንባ ክትባት አለ፤ ቲ1/44 ይባላል፣ እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል። ባክቴሪያው ተዳክሞ እንጂ ሞቶ የገባ አይደለም፤ ሕያው ነው። ስለዚህ በረዶ ይፈልጋል። ኦክሲ በተወጋ ከብት ላይ ከተሰጠ ደግሞ ኦክሲው ክትባቱን ይገድለዋል። አንድ ቀን ክትባትና ኦክሲ በአንድ ጊዜ፣ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ የወጋ ባለሙያ አይቻለሁ። ባለከብቱ ሁለት ከፍሎ ምንም ሳያገኝ ቀረ።

በረቱን ደግሞ ይዩልኝ። እኔ መጀመሪያ ሥራ ስይዝ አንድ ማድለቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ መርፌ ስወጋ ከረምኩ። አይሻላቸውም። አንድ ጠዋት አንድ አዛውንት ጠባቂ «ዶክተር፣ እስኪ ቁጭ በሉ» አሉኝ። ቁጢጥ አልኩ። የከብቶቹ አፍንጫ ያለበት ከፍታ ላይ ስደርስ ዓይኔ ተቃጠለ፣ እንባዬ ወረደ። የሽንቱ አሞኒያ ነበር። ቆሜ ስዞር አይታወቀኝም ነበር። ያን ቀን የጎኑን ቆርቆሮ ከላይ አስነቀልኩ፣ እበቱን አስጠረግሁ። ከመርፌዬ የበለጠ ያ ሠራ። እርስዎም ነገ ጠዋት ቁጢጥ ይበሉ።

ሌላው መኖው ነው። ተርቦና ተጠምቶ የመጣ ወይፈን ፊት ወዲያው ፉርሽካና ፋጉሎ ማቅረብ ደግነት ይመስላል። ሆዱ ግን ይኮመጥጣል፣ ጉልበቱም እዚያ ያልቃል። መጀመሪያ ውኃ፣ ድርቆሽ፣ ጥላ፣ እንቅልፍ። ክትባቱና የትል መድኃኒቱ ማግስቱን መሰጠታቸውም አልተመቸኝም፤ እንደገና መያዝ፣ መጠምዘዝ፣ ማስደንገጥ ነው። ክትባት ደግሞ ጥቅሙ የሚታየው ከ2 እና 3 ሳምንት በኋላ ነው። የጭነት ትኩሳት ግን በዚያው 2 እና 3 ሳምንት ውስጥ ይመጣና ይሄዳል። ክትባቱ ለትክክለኛው በሽታ ቢሆን እንኳ ባቡሩ ካመለጠ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሌላ አገር የማንሃይሚያን ክትባት የሚሰጡት ከብቱ ከመጫኑ ሳምንታት ቀደም ብለው ነው። ለሚቀጥለው ግዢ ከሻጩ ጋር መነጋገር የሚያስፈልገው ይሄን ነው፤ ካልሆነም ቢያንስ ለ3 ሳምንት ከነባሮቹ ለይቶ ማቆየት።

ከቀሩት 8 ጤነኞች ላይ ዓይንዎን አይንቀሉ። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ሳል ሳይጀምር ነው። ሳል ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። የመጀመሪያው ምልክት ጠዋት መኖ ሲደፋ ነው የሚታየው፤ ሌሎቹ ሲሮጡ አንዱ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ጆሮውን ጥሏል፣ ይሸታል እንጂ አይበላም። መኖ የሚሰጠው ልጅ ከእኔም ከእርስዎም ቀድሞ ያየዋል። ይጠይቁት። ያንን ወይፈን ይዘው ሙቀቱን በፊንጢጣው ይለኩ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ምክንያቱም ቀን ላይ ፀሐዩ ራሱ ያሞቀዋል። የጤነኛ ከብት ከ38 እስከ 39 ተኩል ድረስ ነው። በዚያ ሰዓት 40 ካለፈ፣ ባያስልም፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይጥሩ።

ቴርሞሜትር ከመድኃኒት ቤት ይገኛል፣ የሰውም ይሆናል። ሁለት ይግዙ። አንዱ ወይፈኑ ሲራገጥ መሰበሩ አይቀርም።